ቀለም ላይ ስደርስ እጄ ይታሰራል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ከአዳማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ማታ ማታ በአክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) እስላለሁ። በእርሳስ ስነድፍ ሰዓቱም አይታወቀኝም። ቀለም ስጀምር ግን እጄ ይታሰራል። አሁን እናቴን ቡና ስታፈላ ከፎቶ እየሳልኩ ነው። ፊቷን ሦስት ጊዜ ደለዝኩት፣ በመጨረሻ ጭቃ መሰለ። ሸራው ውድ ነው፣ እንዳላበላሸው እፈራለሁ። ደስ የሚለኝ ነገር ቢሮ የገባሁ ያህል ከበደኝ። ከዚህ የወጣ ሰው አለ?

ካርቶኑ፦
እህቴ፣ ሸራውን ወደ ግድግዳ አዙሪውና ለሁለት ሳምንት እርሺው። ከሱቅ የብስኩት ካርቶን ለምኚ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ነጭ የግድግዳ ቀለም ቀቢው። ስልክሽን 20 ደቂቃ ላይ ሙዪ፣ ካርቶኑ ላይ ሳዪና ሲጮህ ሥዕሉን ተዪው፣ ቢያልቅም ባያልቅም።

ማታ ሠዓሊ፦
ጭቃ የሆነው በፍርሃት ብቻ አይደለም። ያልደረቀ ቀለም ደጋግመሽ ስታሺው ይበላላል፤ ብርቱካናማና ሰማያዊ ሲገናኙ ግራጫ ይሆናሉ። አክሪሊክ ስስ ተደርጎ ከተቀባ በደቂቃዎች ይደርቃል። አንዴ አሳርፊ፣ ብሩሹን አንሺ፣ ሻይሽን ጠጪ (ብሩሹን ሻዩ ውስጥ እንዳትነክሪ፤ እኔ ሁለቴ አድርጌዋለሁ)። ነጭ፣ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ቀይ፣ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር ቡኒ ይበቁሻል። ጥቁር አትግዢ፤ ሰማያዊውና ቡኒው ተደባልቀው ወደ ጥቁር የሚጠጋ ይወጣቸዋል። ፎቶውን ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪው። የሚቀረውን ትልልቅ ብርሃንና ጥላ በሰፊ ብሩሽ ጀምሪ፤ አፍንጫና ዓይን መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ የካርቶኑ ምክር ደግ ነው፤ ግን ያሰረሽ የሸራው ዋጋ አይመስለኝም። እናትሽ ናት። «አትመስልም» እንዳትባዪ ትጨነቂያለሽ። እኔም አባቴን ስስል ጢሙ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ቆየሁ። እሷን ለጊዜው ትተሽ ጀበናዋን ሳዪ፣ ከፎቶ ሳይሆን እውነተኛውን ፊትሽ አስቀምጠሽ። ጥቁር የምንለው ጀበና ሆዱ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ያርፋል፣ ከሥሩ የፍሙ ቅላት አለ። ፎቶ ይህን ይውጠዋል። አዲስ አበባ ስትመጪ ደግሞ ስድስት ኪሎ አጠገብ ወዳለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ጎራ በዪ። ሰውዬው ገጣሚም ነበር፣ ጀርመን ተምሮ መጥቶ አብስትራክት ሥዕልን (ነገሩን አስመስሎ ሳይሆን በቅርጽና በቀለም የሚሳለውን) አገራችን ካስለመዱት አንዱ ነው። ሥዕሎቹን ከጎን ቆመሽ እዪ፤ ብሩሹ የት እንደሮጠ፣ የት እንዳመነታ ከጎን ይታያል።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ጀበናውን ካርቶን ላይ አራት ጊዜ ሳልኩት። የሦስተኛው ጆሮ ጠማማ ወጣ፣ አላስተካከልኩትም። እናቴ አይታ «ይሄማ ያ የተሰበረው ነው» ብላ ሳቀች። እሷን ገና አልነካኋትም። ካርቶኑ ግን ሲደርቅ ጎበጠብኝ፤ ምን ይሻላል?

ካርቶኑ፦
ጀርባውንም በዚያው ነጭ ቀቢው፤ ሁለቱም ወገን ሲስበው ብዙ አይጎብጥም። እምቢ ካለ በደንብ ሲደርቅ ከፍራሽ ሥር አሳድሪው።