ባለ214 መስመር የጊዜ ሰሌዳ አለን፤ ፕሮጀክቱ የት እንደደረሰ ግን ማወቅ አልቻልንም

አስተባባሪው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። 9 አባላት ያሉትን አንድ የፕሮጀክት ቡድን አስተባብራለሁ። ሥራችን በወረቀት መዝገብና በየክፍሉ በተበታተኑ የኤክሴል ፋይሎች የተያዘውን የደንበኞች መረጃ አጥርቶ ወደ አንድ አዲስ ሥርዓት ማዛወር ሲሆን፣ የተሰጠን ጊዜ 26 ሳምንት ነው። አሁን 13ኛው ሳምንት ላይ ነን። ስንጀምር ጋንት ቻርት የሚባለውን የሥራዎች የጊዜ ሠንጠረዥ አዘጋጅተን፣ በየቀለሙ ለይተን፣ በትልቅ ወረቀት አትመን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፤ 214 መስመር አለው። ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ግን ማንም ቆሞ ሲያነበው አላየሁም።

የሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ይህ ነው። ሁልጊዜ ሰኞ እያንዳንዱ አባል የያዘው ሥራ ስንት በመቶ እንደደረሰ ይነግረኛል፤ እኔም አማካዩን አውጥቼ ለኃላፊዬ አቀርባለሁ። ያለፉት አራት ሪፖርቶች 66፣ 69፣ 70 እና 71 በመቶ ይላሉ። ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ስለሆነ የሚጠይቀኝ የለም። ሆኖም እስካሁን ተጠቃሚው ተረክቦ የፈረመበት ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ብጠየቅ የምመልሰው የለኝም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ጋንት ቻርቱን ትተን ሥራን በአጫጭር ዙሮች ከፍሎ ወደሚሠራው ስክረም ወደተባለው ዘዴ እንሂድ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ችግሩ ኤክሴል መጠቀማችን ስለሆነ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ወይም ጂራ የተባለው የፕሮጀክት መከታተያ ሶፍትዌር ይገዛልን ይላሉ። እዚህ ከደረሱ በኋላ ዘዴ መቀየር ያዋጣል? የሚያዋጣ ከሆነስ ከየት ይጀመራል?

የዕቅድ ባለሙያ

ስለ መሣሪያው ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። በኤክሴል ሰሌዳዎ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች የአንዱን ማብቂያ ቀን በሁለት ሳምንት ያራዝሙና ከሥር ያሉት ቀኖች አብረው ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ይመልከቱ። ካልተንቀሳቀሱ ቀኖቹ አንድ በአንድ በእጅ የተጻፉ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ሰሌዳ የዕቅድ ሥዕል እንጂ ዕቅድ አይደለም። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ቢገዛም የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚጠብቅ ሳያያይዙ ቀኑን ብቻ ከሞሉበት፣ ያንኑ ሥዕል ገንዘብ ከፍለው ደግመው ሳሉት ማለት ነው።

ሄንሪ ጋንት እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ያስተዋወቀው ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ሥራ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ በግልጽ ያሳያል። አንዱ ሥራ ሌላውን እንዴት እንደሚይዘው በስሌት ማሳየት የተለመደው ግን ቆይቶ ነው። ከ1957 ጀምሮ ዱፖንትና ሬሚንግተን ራንድ የተባሉት ኩባንያዎች የፋብሪካ ግንባታና ጥገናን ለማቀድ የወሳኝ መንገድን ስሌት አበጁ፤ በ1958 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳይል ፕሮግራም ፐርት የተባለውን ዘዴ አወጣ። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ ሥራዎች መካከል አንድ ሳምንት ቢዘገዩ የመጨረሻውን ቀን አብረው የሚገፉት የትኞቹ ናቸው?

የእርስዎን ሥራ በትንሹ ልውሰድ። መዝገብ ማጥራት 4 ሳምንት፣ የጠራውን መረጃ ጭኖ መፈተሽ 2 ሳምንት፣ የተጠቃሚ መመሪያ መጻፍ 3 ሳምንት፣ ሥልጠና 2 ሳምንት ይፈጃሉ እንበል። ፍተሻው ማጥራቱን ይጠብቃል፤ ሥልጠናው ደግሞ ፍተሻውንም መመሪያውንም ይጠብቃል። ረጅሙ መንገድ፣ ማለትም ወሳኙ መንገድ፣ ከማጥራት በፍተሻ አልፎ ወደ ሥልጠና የሚሄደው ሲሆን 8 ሳምንት ይወስዳል። መመሪያው እስከ 6ኛው ሳምንት መጨረሻ ከደረሰ ስለሚበቃ የ3 ሳምንት ትርፍ ጊዜ አለው። ስለዚህ መመሪያ ጸሐፊው ሁለት ሳምንት ቢዘገይ አስቸኳይ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም፤ መዝገብ አጥሪው ሁለት ቀን ቢዘገይ ግን ያው ሁለት ቀን በቀጥታ በመጨረሻው ቀን ላይ ይጨመራል። 214ቱን መስመር በእኩል ዓይን የሚያይ አስተባባሪ ይህ ልዩነት ያመልጠዋል።

በወሳኙ መንገድ ላይ ያሉትን ሥራዎች ደግሞ በአንድ ቁጥር ብቻ አይገምቷቸው። ፐርት ሦስት ግምት ይጠይቃል፤ ሁሉ ሲቀና፣ በአብዛኛው የሚሆነው፣ ሁሉ ሲከፋ። መዝገብ ማጥራት ከቀና 3፣ በአብዛኛው 4፣ ከከፋ 11 ሳምንት የሚወስድ ከሆነ፣ መካከለኛው በ4 ተባዝቶ ከሁለቱ ጋር ይደመርና ለ6 ይካፈላል፤ ውጤቱ 5 ሳምንት ነው። አሠሪው “አራት ሳምንት ብላችሁ አልነበር?” የሚልበት ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህች አንድ ሳምንት ነው።

የሥራ ዝርዝሩንም ይመርምሩት። “ክትትል ማድረግ”፣ “ማስተባበር”፣ “ውይይት ማካሄድ” የሚሉ መስመሮች ካሉ ማብቂያ የላቸውምና ያውጧቸው። በምትካቸው በእጅ ሊረከቡት የሚቻል ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ “የአንደኛው ክፍል የጠራ መዝገብ፣ የክፍሉ ኃላፊ ፈርሞበት” የሚል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ ለዚህ ሁለት ቀን ሥራ ቢያቆሙ አይቆጭዎትም።

ከሒሳብ ክፍል

የዕቅድ ባለሙያው ባሉት እስማማለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን 66፣ 69፣ 70፣ 71 የሚለው የቁጥር ረድፍ ነው። አንደኛ፣ አማካይ ሲያወጡ የአንድ ቀን ሥራና የአርባ ቀን ሥራ እኩል ክብደት አግኝተዋል። ሁለተኛ፣ “70 በመቶ ደርሻለሁ” የሚል ሰው የሚነግርዎ የተሰማውን እንጂ የለካውን አይደለም። ሥራ ሲጀመር ቁጥሩ በፍጥነት ይወጣል፤ ችግሩ ሲገለጥ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ስለሚያሳፍር በየሳምንቱ አንድ አንድ ነጥብ እየጨመረ ይቆማል።

መፍትሔው የተገኘ ዋጋ የሚባለው ስሌት ነው፤ በ1960ዎቹ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ግዥ ውስጥ ሥር የሰደደ ዘዴ ቢሆንም ለትንሽ ቡድን በአንድ ገጽ ኤክሴል ይሠራል። ገንዘብ መቁጠር ካስቸገረ የሰው ቀን፣ ማለትም አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራውን ሥራ፣ ይቁጠሩ። ጠቅላላው ሥራ 900 የሰው ቀን ነው እንበል፤ በዕቅዱ መሠረት እስከ 13ኛው ሳምንት 450 መጠናቀቅ ነበረበት። ተቀባዩ የፈረመባቸው ሥራዎች ሲደመሩ 300 ሆኑ፤ ቡድኑ ያጠፋው ግን 500 የሰው ቀን ነው። 300ን ለ450 ሲያካፍሉ 0.67 ይመጣል፤ መሠራት ከነበረበት የተሠራው ሁለት ሦስተኛው ነው ማለት ነው። 300 ለ500 ሲካፈል 0.6 ይሆናል፤ 900ን ለ0.6 ካካፈሉ ደግሞ በዚሁ አካሄድ ፕሮጀክቱ የሚጨርሰው በ1,500 የሰው ቀን እንደሆነ ያያሉ።

ይህ የሚሠራው “ያለቀ” የሚለው ቃል ድርድር ካልገባበት ብቻ ነው። ጥብቁ ደንብ ዜሮ ወይም መቶ ይባላል፤ ያልተፈረመበት ሥራ ዜሮ ነው። ጭካኔ ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራዎቹን ከሁለት ሳምንት ባልበለጠ መጠን ከከፈሏቸው ማንንም አይጎዳም። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ የጊዜው መለኪያ፣ ማለትም 0.67 ያልነው፣ ዘግይቶ የተጠናቀቀ ፕሮጀክትም ሲያልቅ 1 ላይ ስለሚያርፍ ወደ መጨረሻው አካባቢ አይመኑት። ያን ጊዜ ወሳኙን መንገድ ይመልከቱ።

ካርድ ለጣፊ

እኔ ትንሽ እለያለሁ። 214 መስመርን አፍርሶ እንደገና ማገናኘት የዕቅድ ክፍል ላለው ድርጅት ጥሩ ነው፤ ጥድፊያ ውስጥ ላለ ቡድን ግን ሌላ ባለ214 መስመር ሥዕል እንዳይወልድ እፈራለሁ።

ይልቁንስ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አሁን በዚህች ሰዓት ተጀምረው ያላለቁ ሥራዎች ስንት ናቸው? በእያንዳንዱ አባል እጅ ሦስት ሥራ ካለ 27 ናቸው። በሳምንት የሚያልቁት 3 ከሆኑ አንድ ሥራ ከተጀመረ በኋላ በአማካይ 9 ሳምንት ይቆያል። ይህ ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጠው የወረፋ ሕግ ነው፤ በእጅ ያለው ብዛት በሳምንት ለሚያልቀው ሲካፈል ቆይታውን ይሰጣል። የተጀመሩትን ወደ 12 ቢያወርዱና በሳምንት 3 መጨረሱ ባይቀንስ ቆይታው 4 ሳምንት ይሆናል። ከቶዮታ የምርት መስመር የተወሰደው ካንባን፣ ማለትም ሥራዎችን በካርድ ጽፎ በሰሌዳ ላይ የማንቀሳቀስ ዘዴ፣ ዋናው ቁም ነገሩ ይህ ገደብ ነው። ገደብ የሌለው ሰሌዳ፣ ትሬሎ በተባለው ሶፍትዌርም ይሁን በግድግዳ ላይ፣ ያማረ የሥራ ዝርዝር ከመሆን አያልፍም።

ስክረምን በተመለከተ፣ ሁሉንም ሥራ አንድ ልብስ አያልብሱት። መዝገብ ማጥራት በየክፍሉ የሚደጋገም ሥራ ስለሆነ ካንባን ይስማማዋል። ተጠቃሚው ካላየው በስተቀር ምን እንደሚፈልግ የማያውቀው፣ እንደ ሪፖርት ገጾች ያለው ክፍል፣ በሁለት ሁለት ሳምንት ስፕሪንት፣ ማለትም በስክረም አጭር የሥራ ዙር፣ ቢሠራ ይጠቅማል። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሥርዓት የምትሻገሩበት ቀን ግን ቁርጥ ቀን ነው፤ እሱን ተከታታይ ዕቅድና የተያያዙ ቀኖች እንጂ ስፕሪንት አይሸከመውም። ጂራ መግዛቱን ለጊዜው ይተዉት፤ ካርድ የማያንቀሳቅስ ቡድን በጂራም አያንቀሳቅስም።

አስተባባሪው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐሙስና ዓርብ ሥራ አቁመን ሰሌዳውን መረመርነው። ከ214ቱ 58ቱ ማብቂያ የሌላቸው ሆነው ተገኙ፤ 87ኛው መስመር “ከክፍሎች ጋር ማስተባበር” ይላል፤ ለ13 ሳምንት ሲሠራበት ቆይቶ 60 በመቶ ተብሏል፤ የምን 60 በመቶ እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አልቻለም። የቀሩትን ወደ 41 ርክክቦች ሰበሰብናቸው። የተፈረመባቸው 11 ብቻ ናቸው፤ ክብደታቸው ከ900 የሰው ቀን 260 ሲሆን እስካሁን ያጠፋነው 480 ነው። በስሌቱ መሠረት በዚሁ ከቀጠልን የምንጨርሰው በ1,660 የሰው ቀን ገደማ ነው።

ይህን ለኃላፊዬ ባቀርብ “አራት ሰው ልጨምርልህ” አሉኝ። ልቀበል?

የዕቅድ ባለሙያ

ቁጥሩን ሳይደብቁ ማቅረብዎ ያስመሰግናል። አራቱን ሰዎች ግን በጅምላ አይቀበሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አባባሉ የሚሠራው ሎሚ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ስለሚከፋፈል ነው። 9 ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር 36 ነው፤ 13 ሲሆኑ 78 ይሆናል። አዲሶቹን የሚያስተምሯቸውም አሁን ሥራው ላይ ያሉት ናቸው። ፍሬድ ብሩክስ በ1975 በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር፤ የዘገየ ፕሮጀክት ላይ ሰው ሲጨመር ይብሱን ይዘገያል። በእርስዎ ዘንድ እንደ ሎሚ የሚከፋፈለው መዝገብ ማጥራት ነው፤ ደንቡ በአንድ ገጽ ከተጻፈ አዲስ ሰው በጥቂት ቀን ይለምደዋል፤ ደግሞም ወሳኙ መንገድ ላይ ያለው እሱ ነው። ሁለት ሰው ይውሰዱና እዚያ ብቻ ይመድቧቸው።

የካርድ ለጣፊው ገደብም ትክክል ነው፤ በመጀመሪያው መልሴ መጥቀስ ነበረብኝ። ከኃላፊዎ ጋር ሲነጋገሩ “የቀረው ግማሽ ይፈጥናል” የሚለውን አይቀበሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 እንዳሳዩት ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት ያለፈውን መዝገብ ትቶ የተመኘውን ያያል። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ በ1963 በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል ተብሎ፣ የተከፈተው በ1973 በ102 ሚሊዮን ነው፤ ግንባታው የጣሪያው ንድፍ ሳይቆርጥ ነበር የተጀመረው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ምርጫ ያስቀምጡ፤ ወይ 41ዱን ርክክብ በአዲስ ቀን፣ ወይ ለሽግግሩ ቀን የግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ በ26ኛው ሳምንት።

አስተባባሪው (ጠያቂ)

ኃላፊዬ ሁለተኛውን መርጠዋል። ከ41ዱ ለሽግግሩ የግድ የሚያስፈልጉት 23 ሆነው ተለይተዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ በአንዳንዶቹ ርክክቦች ላይ ሦስት የክፍል ኃላፊዎች መፈረም ይፈልጋሉ።

ከሒሳብ ክፍል

ሦስቱም አስተያየት ይስጡ፣ የሚፈርመው ግን አንድ ይሁን፤ ስሙም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከርክክቡ ጎን ይጻፍ። ሦስት ፊርማ የሚጠብቅ ሥራ በእኔ ስሌት ረጅም ጊዜ ዜሮ ሆኖ ይቆያል።