የኮሌጅ ባስኬት ሲታይ ድምፁ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

የሜሪላንዱ

ሰላም ወገኖች። እኔ እግር ኳስ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ቅርጫት ኳስ ከታየም ኤንቢኤ ነው። የኮሌጁን ዘንድሮ ከሚስቴ ወንድም ጋር ማየት ጀመርኩ። ችግሩ እሱ ድምፁን ዘግቶ ሙዚቃ ይከፍታል። «ኮሜንታተር ምን ያደርግልሃል፣ ዓይን የለህም እንዴ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ከተጫዋቾቹ አብዛኞቹን አላውቃቸውም። ድምፁ ከተዘጋ የማየው አስር ልጅ ወዲያ ወዲህ ሲሯሯጥ ነው። ሲከፈት ግን ይሄ ልጅ ከየት መጣ፣ አምና የት ነበር፣ አሰልጣኙ አሁን ለምን ኮቱን አውልቆ ወረወረ፣ ሁሉንም ይነግሩሃል።

አንድ ድምፀ ሻካራ ሽማግሌ አለ፣ ጨዋታው ገና ሲጀመር «ማን ቱ ማን!» ብሎ ይጮሃል። እሱን በሰማሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ማነው ሰውየው? የኮሌጁ ኮሜንታሪ ከኤንቢኤው የሚጥመውስ ለእኔ ብቻ ነው? ለኮሜንታሪው ሲባል ፈልጌ ባየው የማልቆጭበት የድሮ ጨዋታ ካለም ጠቁሙኝ። የሚስቴን ወንድም አፉን የማስይዝበት ነገር ካገኘሁ ደግሞ ውለታችሁን አልረሳም።

ተጠባባቂ ወንበር

ሰውየው ቢል ራፍተሪ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1981 የሲተን ሆል ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበር። ያ የመክፈቻ ጩኸት ደግሞ ለቀልድ ብቻ አይምሰልህ። ተከላካዮቹ ሰው በሰው ተያይዘዋል እያለህ ነው። አሰልጣኝ የነበረ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መከላከሉ ነው። እስቲ አንተም በሚቀጥለው ጨዋታ ለጥቂት ደቂቃ ኳሷን ተዋትና መከላከሉን ብቻ እይ። ማን ማንን ይዟል፣ ማን ማንን ጥሎ ለእርዳታ ሮጠ፣ ከዚያ ክፍቱ ተኳሽ ከየት እንደመጣ ይገባሃል።

በጭንቅ ሰዓት አንዱ ደፍሮ ተኩሶ ሲያስገባ «ኦኒየንስ!» ይላል። ሽንኩርቱን ምን አመጣው ብለህ አትጠይቀኝ፣ ወኔ ያለው ወንድ ነው ማለቱ ነው፣ ልጆች ስለሚያነቡ ከዚህ በላይ አልሄድም። በ1988 ደግሞ የፒትስበርጉ ጀሮም ሌን ፕሮቪደንስ ላይ ዳንክ ሲያደርግ፣ ማለት ዘልሎ ኳሷን በእጁ ቀለበቱ ውስጥ ሲሰካት፣ የመስታወት ቦርዱን አደቀቀው። «ሴንድ ኢት ኢን፣ ጀሮም!» (ስደዳት ወደ ውስጥ!) ያለው ይሄው ራፍተሪ ነው። ስባሪው ተጠርጎ ሌላ ቦርድ እስኪመጣ ጨዋታው ቆመ። ዛሬም ያ ዳንክ በታየ ቁጥር ድምፁ አብሮ ነው የሚመጣው። ድምፁን ዘግተህ እየው፣ የተሰበረ መስታወት ብቻ ነው።

ሪሞቱ በእጄ

እኔ ከሚስትህ ወንድም ጋር ነኝ። ይቅርታ። ራፍተሪን አትንኩብኝ፣ እሱ ይሁን። ሌሎቹ ግን ትንፋሽ አይሰጡም። ያ ጯሂው ኮሜንታተር ዲክ ቫይታል ሲመጣ እኔ ድሮም ሪሞት ነበር የምፈልገው። «ኦውሰም ቤቢ!» አንዴ ያምራል። ግን ሜዳ ላይ ያለውን ትቶ ስለ ሌላ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሌላ አሰልጣኝ፣ ስለ ማታ እራቱ ሲያወራ ኳሷ ሁለት ጊዜ ገብታ ትወጣለች።

ደግሞ በ2014 ግማሽ ፍጻሜ ላይ የተደረገውን የሚያስታውስ አለ? አንዱን ጨዋታ በሦስት ጣቢያ አስተላለፉት። ቲቢኤስ ላይ የተለመደው፣ ቲኤንቲ እና ትሩቲቪ ላይ ደግሞ የየቡድኑ ደጋፊ የሆነ ኮሜንታተር። ሳያውቅ የከፈተ ሰው ሁሉ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው፣ ለምን ያዳላል?» እያለ ኢንተርኔቱን በስድብ ሞላው። እኔ ያን ቀን በጣም ስቄያለሁ። በገለልተኛ ስም ከሚያዳላብህ በግልጽ የሚያዳላው ይሻላል ባይ ነኝ፣ ግን ከሁሉም ጸጥታው ይሻላል።

የሌሊት ወፍ

ከአዲስ አበባ ነኝ። የፍጻሜው ጨዋታ እዚህ ሲደርስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ቤተሰብ ተኝቷል፣ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሰማኝ። እንቅልፌን የሚያባርርልኝ ኮሜንታተሩ ስለሆነ ዝጋው የሚለኝን ሰው አልሰማም።

ለምን ይለያል ላልከው የእኔን ግምት ልንገርህ። ኤንቢኤ ላይ ሌብሮንን ከ2003 ጀምሮ አይተነዋል፣ ማንም እንዲያስተዋውቀን አንፈልግም። ኮሌጅ ላይ ግን ጎበዙ ልጅ አንድ ዓመት ተጫውቶ ይሄዳል፣ ሌላው ትምህርት ቤት ይቀይራል፣ በየዓመቱ ቡድኑ አዲስ ነው። ኮሜንታተሩ ካልነገረህ ማን ሊነግርህ ነው? የሰዓቱም ነገር አለ። ኤንቢኤ ላይ ለመተኮስ 24 ሰከንድ ነው፣ በኮሌጅ 30። ልጆቹ ኳሷን እያዞሩ ክፍተት ሲፈልጉ ሰውየው አንድ ወሬ ጀምሮ ለመጨረስ ጊዜ ያገኛል። ከጀርባው ደግሞ የተማሪዎቹ ባንድ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ያ ራሱ ግማሽ ኮሜንታሪ ነው።

የማትቆጭበት ጨዋታ ላልከው የ2016 ፍጻሜን እይ፣ ቪላኖቫ ከኖርዝ ካሮላይና፣ ሂውስተን። ጂም ናንትዝ፣ ራፍተሪ እና ግራንት ሂል ናቸው ማይክ ላይ። ቪላኖቫ በ10 ነጥብ ይመራ ነበር፣ ቀስ በቀስ ደረሱበት። የኖርዝ ካሮላይናው ማርከስ ፔጅ ለሦስት ነጥብ ዘለለ፣ ተከላካዩ ሲመጣበት አየር ላይ እንዳለ እግሩን አጠፈና ኳሷን ደግሞ አስተካክሎ ለቀቃት። ገባች። 74 ለ 74። የቀረው 4.7 ሰከንድ ነው። አሁን ልብ ብለህ የቪላኖቫውን ክሪስ ጄንኪንስን ተከተለው። ኳሷን ከመስመር ውጪ ያስገባው እሱ ነው፣ ስለዚህ ማንም ዞሮ አላየውም። የቡድን ጓደኛው አርቺዲያኮኖ ኳሷን እየነዳ ሲሄድ ጄንኪንስ ከኋላ ከኋላ ይመጣል። ተቀበላት። ናንትዝ «ጄንኪንስ፣ ለሻምፒዮንነቱ!» አለ። 77 ለ 74፣ ሰዓቱ አለቀ። ሰውየው ስም ጠራ፣ ምን ሊሆን እንደሆነ ተናገረ፣ በቃ። ሌላው ቢሆን ቅጽል እያከታተለ ያበላሸው ነበር።

አምስተኛ ፋውል

@ሪሞቱ በእጄ ቫይታልን ለቀቅ። የስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን በ1979 የመጀመሪያውን የኮሌጅ ጨዋታ ሲያስተላልፍ ማይክ ላይ የነበረው እሱ ነው። በካንሰር ድምፁ እስኪዘጋ ታሞ ነበር፣ በ2025 ተመልሶ ጨዋታ አስተላለፈ። ይጩህ፣ ደስ ይበለው።

የሴቶቹን ማንም ሳያነሳ ሊያልፍ ነው እንዴ? በ2024 ሳውዝ ካሮላይና አይዋን 87 ለ 75 ያሸነፈችበት ፍጻሜ ከወንዶቹ ፍጻሜ የበለጠ ተመልካች አግኝቷል፣ ከ18 ሚሊዮን በላይ። ርብቃ ሎቦ ናት ተንታኟ። በ1995 ከኮነቲከት ጋር አንድም ሳትሸነፍ ሻምፒዮን የሆነች ሴት ናት፣ 35 ጨዋታ 35 ድል። የአይዋዋ ኬትሊን ክላርክ ያን ያህል ርቃ ስትተኩስ እኔ አፌን ከፍቼ ነው የማየው፣ ሎቦ ግን ተከላካይዋ ለምን እዚያ ድረስ መውጣት እንዳለባት፣ ስትወጣ ደግሞ ከጀርባዋ ምን እንደሚከፈት ረጋ ብላ ታስረዳሃለች። ጩኸት የማይወድ ሰው ካለ በሴቶቹ ይጀምር። የሚስትህን ወንድምም በዚያ ሞክረው።

የሜሪላንዱ

እጅ ነሳሁ። የ2016ቱን አሁን አይቼ መጣሁ። ጄንኪንስን ከመጀመሪያው ስለተከተልኩት መጨረሻውን እያወቅኩ እንኳ ተነሳሁ። ሚስቴ ላይቭ መስሏት «ማን አገባ?» አለችኝ። ሌላስ?

ትራንዚስተር

እኔ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ በሬዲዮ እየሰማሁ ያደግኩ ነኝና ምክሬም የሬዲዮ ነው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝጋ፣ የምትደግፈውን ቡድን ሬዲዮ ክፈት። ሬዲዮው በኢንተርኔት ከሆነ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ጥቂት ሰከንድ አቁመህ ፍሪ ትሮው (ከፋውል በኋላ ያለ ተከላካይ የሚተኮሰው) ላይ አስተካክለው። ኳሷ ከእጁ ስትወጣና ሰውየው «ተኮሰ» ሲል እኩል ከሆኑ ጨርሰሃል። የሬዲዮ ሰው ኳሷ የት እንዳለች ሳይነግርህ አያልፍም፣ ካልነገረህ አታየውማ። ያዳላል፣ አዎ፣ ግን ልጆቹን ከኅዳር ጀምሮ በየከተማው ተከትሏቸዋል።

ከዚያ የ1992ቱን ዱክ ከኬንተኪ ፈልግ፣ ፊላደልፊያ የተደረገውን። ተጨማሪ ሰዓት ነው፣ ኬንተኪ 103 ለ 102 ይመራል፣ 2.1 ሰከንድ ቀርቷል። የዱኩ ግራንት ሂል ከሜዳው ጫፍ ሆኖ ኳሷን ሊወረውር ነው፣ አዎ፣ 2016 ላይ ማይክ ይዞ የሰማኸው ሂል ራሱ። ፊቱ የቆመ ተከላካይ የለም። ወረወራት፣ የቡድን ጓደኛው ሌትነር ተቀበለ፣ አንዴ አነጠራት፣ ዞሮ ተኮሰ፣ ገባ። 104 ለ 103። ሌትነር ያን ማታ ከሜዳ 10 ሞክሮ 10፣ ከፍሪ ትሮው 10 ሞክሮ 10 ነው ያገባው። ቴሌቪዥን ላይ ቨርን ለንድኲስት «የስ!» ብቻ አለ።

እኔ ግን የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የኬንተኪ ሬዲዮ ኮሜንታተር ካውድ ሌድፎርድ ጡረታ ሊወጣ ነበር፣ ለኬንተኪ ያስተላለፈው የመጨረሻው ጨዋታም ያ ሆነ። የዱኩ አሰልጣኝ ሺሼቭስኪ ገና እንዳሸነፈ ወደ እሱ ጠረጴዛ ሄዶ፣ በተሸናፊዎቹ ሬዲዮ ላይ፣ ሌድፎርድን አመሰገነው። የሚስትህ ወንድም ሙዚቃ ከፍቶ ቢሆን ይቺን አይሰማትም ነበር።

ሪሞቱ በእጄ

እሺ፣ የሬዲዮውን ዘዴ እሞክራለሁ። ቫይታል ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም።