ዳይክሎፌናክ ኤስአር 100፦ ይሰበራል? ከግፊት መድኃኒት ጋርስ?

ጽጌ ነርስ

ሰላም ለሁላችሁ። የ68 ዓመት እናት ናቸው፤ የጉልበታቸው ልስልስ አጥንት ተበልቷል። እስካሁን ተራውን የሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ 50 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ይወስዱ ነበር። አሁን በቀን አንዴ የሚዋጥ፣ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ የሚለቅ ዳይክሎፌናክ ኤስአር 100 ሚሊግራም ታዞላቸዋል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል 10 እና ሀይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ይወስዳሉ። ክኒኑ ስለሚያንቃቸው ልጆቻቸው ፈጭተው በውሃ ሊሰጧቸው አስበዋል። ማታ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ አይቡፕሮፌን 400 ይደርቡላቸዋል።

ጥያቄዎቼ፦ ክኒኑ ይሰበራል ወይ? "ሽፋን ስላለው ጨጓራ አይነካም" የሚባለውስ እውነት ነው? ከግፊቱ መድኃኒት ጋር አብሮ መሄዱስ ያሰጋል?

የመድኃኒት ቤት ሰው

ከመጀመሪያው ልጀምር። አይፈጭም፣ አይታኘክም። ኤስአር፣ ኤክስአር ወይም ሪታርድ የሚል ቃል ማሸጊያው ላይ ካለ፣ ክኒኑ የተሠራው መድኃኒቱን ለረጅም ሰዓት ጥቂት በጥቂት እንዲለቅ ነው። ሲፈጭ ያ አሠራር ይፈርሳል። ለሙሉ ቀን የተሰፈረው 100 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባል፤ ማታ ላይ ደግሞ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት አይተርፍም። አንዳንድ ቀስ ብለው የሚለቁ ክኒኖች መሐላቸው ላይ መስመር ስላላቸው ለሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ፤ ይህ ግን የሚሠራው የዚያው ምርት ወረቀት በግልጽ ሲፈቅድ ብቻ ነው። መስመር ስላየን ብቻ አንከፍልም።

ኢሲ የሚለውን ከኤስአር ጋር አታምታቱ። ኢሲ ማለት ሽፋኑ በጨጓራ አሲድ ሳይሟሟ አንጀት ውስጥ የሚሟሟ ማለት ነው፤ ተራው የ50 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው። መድኃኒቱን ያዘገየዋል እንጂ ቀኑን ሙሉ አያከፋፍለውም። እሱም ቢሆን አይፈጭም።

መዋጥ ከከበዳቸው ቁጭ ብለው ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ፤ ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኙ። ጉሮሮ ላይ የቀረ ክኒን ራሱን የቻለ ቁስለት ያመጣል። ይህም ካልሆነ ክኒኑን ከመስበር ይልቅ ሐኪሙ ሌላ ዓይነት እንዲያዝ መጠየቅ ይሻላል። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዳይክሎፌናክም አለ፤ ኤስአር ግን አይደለም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ኤስአሩ ደም ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ የሚደርሰው ከተዋጠ 5 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ስለሆነ ድንገት ለተነሳ ሕመም አይሆንም። ሕመም ስለበረታ ሁለተኛ ክኒን መድገም ማስታገሻውን አያፈጥነውም፤ የቀኑን መጠን ግን እጥፍ ያደርገዋል። የተረሳ ክኒን ከታወሰና ቀጣዩ ሰዓት ከቀረበ ይዘለላል፤ ሁለት አንድ ላይ አይዋጥም። አንዳንድ ኤስአር ምርቶች ባዶ ቅርፊታቸው በሰገራ ሊወጣ ይችላል፤ መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለምና አትደግሙት።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ሽፋኑ ጨጓራን ያድናል የሚለው ብዙ ሰው ያሳሳተ አባባል ነው። ጨጓራው የሚጎዳው ክኒኑ ግድግዳውን ስለነካ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ገብቶ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳይመረት ያደርጋል። ለዚህ ነው በመርፌም ሆነ በፊንጢጣ ቢሰጥ የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣው። እንዲያውም ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ሲሆን መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ ደም ውስጥ ስለሚቆይ ግድግዳው የማገገሚያ ሰዓት አያገኝም።

ዕድሜያቸው ከ65 በላይ መሆኑ ብቻውን የጨጓራ መከላከያ እንዲያስፈልጋቸው በቂ ነው፦ የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት። ከዳይክሎፌናኩ ጋር አብሮ ይጀመራል፣ አብሮ ይቆማል። ኦሜፕራዞል የታችኛውን አንጀት አይጠብቅም፤ ያንን አትርሱ። ቀድሞ ቁስለት ወይም ደም መፍሰስ ከነበረባቸው፣ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ)፣ አስፒሪን፣ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ) ወይም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስጋቱ ይባስ ይጨምራል፤ ያኔ ጥያቄው ኦሜፕራዞል ይጨመር ወይ ሳይሆን ዳይክሎፌናኩ ይሰጥ ወይ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ጥያቄሽ ነው። ኢናላፕሪል፣ ሀይድሮክሎሮታያዛይድና ዳይክሎፌናክ አንድ ላይ ኩላሊትን በሦስት በኩል ይጨቁናሉ። ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ፈሳሽ ያሳንሳል። ኢናላፕሪል ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣውን ደም ሥር ያሰፋል። ዳይክሎፌናክ የሚገባውን ደም ሥር ያጠባል። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የውሃ ጥማት ሲጨመርበት ኩላሊቱ በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። በተጨማሪ ዳይክሎፌናክ የሁለቱንም የግፊት መድኃኒቶች ኃይል ይቀንሳል።

ስለዚህ ከመጀመራቸው በፊት በደም ምርመራ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው) እና ፖታሲየም ይለካ፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይደገም። ግፊታቸውም በዚያው ጊዜ ደጋግሞ ይለካ። ከቆዩበት ደግሞ የጉበት ምርመራ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ። ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከያዛቸው ዳይክሎፌናኩን ያቁሙ፤ ስለ ግፊቱ መድኃኒት ግን በራሳቸው ሳይወስኑ የዚያኑ ቀን ሐኪሙን ይጠይቁ። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ኖሮባቸው ከሆነ ዳይክሎፌናክ ከነጭራሹ አይሰጥም።

ጽጌ ነርስ

ልብና ስትሮክ የለባቸውም። ክሬአቲኒን አልተለካም፤ ክኒኑን ከመጀመራቸው በፊት አስለካለሁ። የማታውን አይቡፕሮፌንስ በምን ልተካው?

የመድኃኒት ቤት ሰው

አይቡፕሮፌኑ ይውጣ። እሱና ዳይክሎፌናክ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ማስታገሻው ሳይጨምር ጉዳቱ ይደረባል። በምትኩ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከ3 ግራም ሳያልፍ። ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም ጉበታቸው ከተጎዳ መጠኑ ከዚህም ያንሳል። የጉንፋን መድኃኒቶችን ወረቀት አንብቢ፤ ብዙዎቹ ፓራሲታሞል አላቸው፣ አንዳንዶቹ አይቡፕሮፌን።

አንድ ሌላ ተደጋጋሚ ስሕተት አለ። ታካሚው ኤስአር እየወሰደ መሆኑን ሳይናገር ሕመም ሲበረታበት የዳይክሎፌናክ መርፌ ይወጋል። የመርፌው ብልቃጥ 75 ሚሊግራም ነው፤ ከ100 ጋር 175 ይሆናል፣ የቀኑ ጣሪያ ግን 150 ነው። ያለፈው የ50 ሚሊግራም ክኒን ቤት ውስጥ ከተረፈም ከመሳቢያው ይውጣ፤ ሁለቱም ዳይክሎፌናክ ስለሆኑ በስሕተት አብረው ይዋጣሉ።

ፊዚዮቴራፒስት

በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሕመሙ ጉልበት ላይ ብቻ ከሆነ የሚቀባው ዳይክሎፌናክ ጄል ከክኒኑ በፊት መሞከር አለበት። 1 በመቶው ጄል ለአንድ ጉልበት 4 ግራም በቀን 4 ጊዜ ይቀባል፤ ከማሸጊያው ጋር የሚመጣው መለኪያ ላይ ነው የሚለካው፣ በጣት አይገመትም። ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ አይቀባም፣ ከተቀባ በኋላ አይሸፈንም፣ እጅ ይታጠባል። ክኒኑንና ጄሉን አብሮ መጠቀም ግን በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ አይደረግም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

እስማማለሁ፤ ለእሳቸው ጄሉን ነው የምመርጠው። ጽጌ፣ ለሐኪማቸው ስትጽፊ ሦስቱን መድኃኒቶች ከነመጠናቸው አስቀምጪና "በጄል መተካት ይቻላል ወይ" ብለሽ ጠይቂ። ኤስአሩ ይቀጥል ከተባለ ግን ልጆቻቸው እነዚህን ይወቁ፦ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ከመጣ፣ ደረት ከያዛቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ አንድ ጎናቸው ከሰነፈ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ሽንት ከቀነሰ፣ እግር ካበጠ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ቆዳ ሽፍ ካለ ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ይታዩ። ቁስለት ሳያማቸውም ሊደማ ስለሚችል "ሆዴን አላመመኝም" ቢሉም የሰገራውን ቀለም ጠይቂ። አይረን የሚወስዱ ከሆነ እሱም ያጠቁራልና ቀድመሽ አጣሪ።