ከማጅራት ገትር በኋላ ኮክሊያር ኢምፕላንት፦ ለምን ይቸኮላል?

ጥያቄ (የልጁ አባት፣ አዲስ አበባ)
ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ልጃችን ከ6 ሳምንት በፊት ማጅራት ገትር ታሞ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት ተርፎልናል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስሙን ስንጠራው ዞር አይልም፣ በር በኃይል ሲዘጋም አይደነግጥም። በምርመራ ሁለቱም ጆሮዎቹ እንደማይሰሙ ታውቋል። ሐኪሙ ኮክሊያር ኢምፕላንት (ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ቀይሮ ለመስሚያ ነርቭ የሚያደርስ፣ በቀዶ ሕክምና የሚገባ መሣሪያ) በአስቸኳይ እንዲደረግለት ሲመክሩ፣ ቤተሰብ ግን «ሕፃን ነው፣ አንድ ዓመት ይቆይ» ይላል። የጎረቤታችን ልጅ መጀመሪያ ለወራት የመስሚያ መሣሪያ እንድትሞክር ተደርጋ ነበር። የእኛ ጥድፊያ ከምን የመጣ ነው?

መልስ 1 (የመስማት ምርመራ ባለሙያ)
ወንድሜ፣ የጎረቤትዎ ልጅና የእርስዎ ልጅ ጉዳይ አንድ አይደለም። የውስጥ ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠማዘዘና ፈሳሽ የሞላበት ቱቦ ሲሆን፣ የኢምፕላንቱ ቀጭን የኤሌክትሮድ ገመድ የሚገባው በዚያ ውስጥ ነው። ማጅራት ገትር ወደዚህ ቱቦ ሲዘልቅ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ቦታው በአጥንት ሊሞላ ይችላል፤ ከተሞላ ደግሞ ገመዱ በከፊል ብቻ ይገባል ወይም ጭራሹን አይገባም። ስለዚህ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ሳይዘገዩ እንዲነሱለት ያድርጉ። ዕድሜን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1990 ኢምፕላንቱን ለሕፃናት ሲፈቅድ ዝቅተኛው ዕድሜ 2 ዓመት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ከአምራቾቹ አንዱ ለሚሠራው መሣሪያ ወደ 9 ወር ዝቅ አድርጎታል። ማጅራት ገትር ከሚያመጡ ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት መሟላቱንም ይጠይቁ፤ ኢምፕላንት ያለው ልጅ እንደገና በማጅራት ገትር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል።

መልስ 2 (እናት፣ ቨርጂኒያ)
የእኔ ልጅ የተደረገላት በአንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ቀዶ ሕክምናው ቀላሉ ክፍል ነበር ብል አልዋሽም። መሣሪያው የተከፈተው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ቀን «ወዲያው ትሰማለች» ብለን ስንጠብቅ ምንም ሳታሳይ አሻንጉሊቷን ይዛ ዋለች። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ቡና ስወቅጥ ከሳሎን መጥታ ዘነዘናውን ትኩር ብላ አየችው፤ ሳቆም አየችኝ፣ ስቀጥል ሳቀች። እስከዚያ ድረስ ግን የመሣሪያውን የውጭ ክፍል ጭንቅላቷ ላይ የሚይዘውን ማግኔት እየነቀለች ስለምትጥለው ብዙ ጊዜ የአልጋው ብረት ላይ ተለጥፎ እናገኘው ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ውጭ አገር ካደረጋችሁ፣ ስትመለሱ የድምፁን መጠን በየጊዜው የሚያስተካክል፣ ንግግር የሚያለማምድና የተበላሸ ገመድ የሚቀይር ማን እንደሆነ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ።

መልስ 3 (መስማት የተሳነው መምህር)
ከላይ የተባለውን አልቃወምም፤ ሆኖም የውጭው ክፍል ወልቆ ገላውን ሲታጠብና ሲተኛ፣ ባትሪም ሲያልቅ ልጁ እንደ እኔ መስማት የተሳነው ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን ከዛሬ ጀምራችሁ አብራችሁ ተማሩ። «ውኃ»፣ «አመመኝ»፣ «እናቴ» ለማለት ቀዶ ሕክምና መጠበቅ የለበትም።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቹን ለአያቱ አነበብኩላቸው። የሲቲ ስካኑ ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ «ውኃ» የሚለውን ምልክት ደግሞ ከሁላችንም ቀድመው የለመዱት እሳቸው ናቸው።