የክት ሰዓት ምርጫ፦ ቀጭን አንጓ፣ የቆዳ ማሰሪያና ውዱእ

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሰዓት አለኝ፤ ባለ ብረት ማሰሪያ ሲኮ 5 እና ጂ ሾክ። ሁለቱም የዘወትር ናቸው። ሦስተኛው የክት እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ለጁምዓ፣ ለዒድ፣ ለሰርግ፣ አንዳንዴ ከጀለቢያ አንዳንዴ ከሙሉ ልብስ ጋር። የእጄ አንጓ ዙሪያው 16.5 ሳንቲ ሜትር ነው።

ያሰብኳቸው፦ ኦሪየንት ባምቢኖ ባለ 40.5 ሚሊ ሜትሩ፣ የዚያው ታናሽ ባለ 38ቱ፣ አንድ ቀጭን የባትሪ ሰዓት፣ እንዲሁም ጀርባው ላይ «ኤ ዩ 20» የሚል ምልክት ያለበት ወርቃማ የድሮ የሩሲያ ሰዓት። የጨነቀኝ መጠኑ፣ ቀን ማሳያው፣ ወርቅነቱ፣ ደግሞም የቆዳ ማሰሪያ ከውዱእ ጋር እንዴት እንደሚኖር ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወዓለይኩም ሰላም። መጠኑን እኔ ልያዝልህ።

ሻጭ የሚነግርህ የሰዓቱን አካል ስፋት ነው። እጅ ላይ የሚፈርደው ግን ከላይኛው ቀንድ ጫፍ እስከ ታችኛው ቀንድ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፤ ቀንድ የምለው ማሰሪያው የሚገባባቸውን አራት ጫፎች ነው። መዳፍህን ወደ ታች አድርገህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና የአንጓህን የላይኛውን ጠፍጣፋ ክፍል በማስመሪያ ለካ። 16.5 ዙሪያ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ያገኛል። የቀንዶቹ ርዝመት ከዚያ በ5 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢያንስ ሰዓቱ በደንብ ይቀመጣል። እኩል ከሆነ ወይም ካለፈ ግን ማሰሪያው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በቀንዱና በቆዳህ መካከል ክፍተት ይታያል፤ ሰዓቱም የተዋስከው ይመስላል።

ትልቁ ባምቢኖ ከቀንድ እስከ ቀንድ 46 ተኩል አካባቢ ነው፣ ትንሹ 44 አካባቢ። ሁለቱም ያንተ እጅ ላይ ይሆናሉ፤ ለክት ግን ትንሹን እመርጥልሃለሁ። የክት ሰዓት እጅጌ ስር ገብቶ መውጣት አለበት። ከመግዛትህ በፊት 38 በ44 አድርገህ ካርቶን ቁረጥና አንጓህ ላይ አስቀምጠው፤ ከፎቶ የበለጠ ይነግርሃል።

ውፍረቱን ግን አትናቀው። ባምቢኖ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ለክት ሰዓት ወፍራም ነው። የዳነው በመስታወቱ ነው፤ ጉልላት ስለሆነ የሸሚዝ እጅጌ ተንሸራቶ ይወጣበታል። እጅጌህ ጠባብ ቁልፍ ካለው ይይዝሃል። ለጀለቢያ ሰፊ እጅጌ ምንም ችግር የለውም። መስታወቱ ተራው ዓይነት እንጂ ሳፋየር (በጣም ጠንካራው የሰዓት መስታወት) አይደለም። የአቧራችን አሸዋ ከተራ መስታወት ይጠነክራል፣ ከሳፋየር ግን ይለሰልሳል፤ ስለዚህ አቧራ ያለበትን መስታወት በነጠላ ጫፍ አትጥረገው፣ መጀመሪያ እፍ በልበት።

ማሽኑ በእንቅስቃሴም በእጅም ይሞላል፤ መሙያውን (ጎኑ ላይ ያለችውን የምትዞር ቁልፍ) ስትስበው ሴኮንድ ቆጣሪው ይቆማል። ሙሉ ከሆነ 40 ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ፋብሪካው የሚፈቅደው ስህተት በቀን ከ25 ሴኮንድ መቅደም እስከ 15 ሴኮንድ መዘግየት ነው። ለጁምዓ ብቻ ካሰርከው ሁልጊዜ ቆሞ ታገኘዋለህ። ከማሰርህ በፊት መሙያውን ከ20 እስከ 30 ጊዜ አዙረው። እንደ ድሮ የሚሞላ ሰዓት «ጠገብኩ» ብሎ አይቆምም፤ ውስጡ ያለው ጥቅል እየተንሸራተተ ትርፉን ይለቃል፣ እምቢ እስኪልህ አትጠብቅ።

ሐይቅ ዳር

ቦርከና ስለ ቆሞ መገኘት ያነሳው ወደ ባትሪው ይወስደኛል። በሁለት ሳምንት አንዴ ለሚታሰር ሰዓት የባትሪው ክብር ተነፍጎታል። ስታነሳው ልክ ነው፣ ከ7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥም ታገኘዋለህ።

የሚያበላሸው ባትሪው ነው። ሰዓት ጠጋኝ ቤት ሲቀየርልህ ባትሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። «ኤስ አር 626» ከሆነ የብር ኦክሳይድ ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ 1.55 ቮልቱን ይዞ ይቆያል፣ እንደ ማሽኑ ሁለት ሦስት ዓመት ይሄዳል። «ኤል አር 626» ወይም «ኤ ጂ 4» ከሆነ መጠኑ አንድ ቢሆንም የአልካላይን ነው፤ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ሲያልቅ ደግሞ ፈሳሽ ያወጣል። ያ ፈሳሽ የማሽኑን መዳብ ሽቦ ከበላው መጠገን የለም፣ ማሽኑ ይቀየራል። የቆመን የባትሪ ሰዓት ሳጥን ውስጥ አታሳድር፤ ባትሪውን አስወጣው።

ቀን ማሳያውን በተመለከተ፦ ከቻልክ የሌለውን ግዛ። ባለ 38ቱ ባምቢኖ 3 ቁጥር ላይ ቀን አለው። የቀን ቀለበት እስከ 31 የተጻፈ ነው፣ የኛ ወር ደግሞ 30 ነው። በኛ አቆጣጠር ብታደርገው ከ30 በኋላ 31 ያሳይሃል፤ በየወሩ አንድ ጊዜ ትገፋለህ። ጳጉሜ 5 ሲያልቅ ቀለበቱ 6 ይላል፣ መስከረም 1 ለማድረስ 26 ጊዜ መግፋት ነው። በሂጅራ ካልከው ወሩ 29 ወይም 30 ስለሆነ ጨረቃ እየጠበቁ መግፋት ነው። ከዚያ ላይ በየጊዜው የሚቆም አውቶማቲክ (በእንቅስቃሴ የሚሞላ) ሲጨመርበት፣ ሰዓቱን ባሰርክ ቁጥር ቀን ማስተካከል ይሆናል ሥራህ።

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ጀዛኩሙላህ። የቀኑን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ሰዓቴን የምሞላው በኛው አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ቆጣሪው 1 ላይ። «ከምሽት እስከ ሌሊት ቀን አትቀይር» የሚባለው ለእኔም እንደዚያው ነው? የሩሲያውንስ ነገር ምን ትላላችሁ?

ሐይቅ ዳር

ላንተ ሰዓቱ ይለያል። ማሽኑ የሚያውቀው ቆጣሪው 12ን ሁለት ጊዜ ሲያልፍ አንዱ ላይ ቀን መገልበጥን ብቻ ነው። የሚገለብጠው ጥርስ ገጹ ላይ ከ9 አካባቢ ጀምሮ ይያዛል፣ እስከ 3 አካባቢ ይለቃል። በዚያ መካከል መሙያውን በመጀመሪያው እርከን ስበህ ቀን ብትገፋ ጥርሱ ሊሰበር ወይም ሊጣመም ይችላል፤ ከዚያ ቀኑ ግማሽ ላይ መቆም ይጀምራል።

በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚሞላ ሰው አደገኛው ጊዜ በኛ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ነው። አንተ በኛው ስለምትሞላ ግን ቀኑ እንዲገለበጥ የምትፈልገው ንጋት 12 ላይ ነው፤ አደገኛው ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ይሆናል። ማለትም ለጁምዓ ስትዘጋጅ ጠዋት የምታስተካክልበት ሰዓት ራሱ!

እንዲህ አድርግ። መሙያውን እስከ መጨረሻው ሳብና ቀኑ እስኪገለበጥ ቆጣሪውን ወደፊት አዙር። ያ ንጋት 12 ነው። ማዞርህን ቀጥልና 6 ላይ አቁም፤ አሁን ቀን 6 ሰዓት ነው፣ ጥርሱ ነፃ ነው። አንድ እርከን መልሰህ ቀኑን የትናንቱ ላይ አድርግ። ከዚያ እንደገና እስከ መጨረሻው ስበህ ቆጣሪውን ወደፊት ብቻ እያዞርክ በ12 ስታልፍ የመጀመሪያውን እለፍ (እሱ ማታ ነው)፣ ሁለተኛው ላይ ወደ ዛሬ ይገለበጣል፤ ቀጥለህ አሁን ያለውን ሰዓት ሙላ። በሂጅራ ለምትፈልገው ደግሞ መገልበጫውን ማታ 12 ላይ አድርገው፣ ቀኑ የሚገባው በመግሪብ ነውና።

የላይ ቤት (ወልድያ)

የሩሲያውን እኔ ልመልስ። በመጀመሪያ ወርቁ። «ኤ ዩ 20» ማለት 20 ማይክሮን ውፍረት ያለው የወርቅ ቅብ ማለት ነው፤ የወርቅ ቀለም ሳይሆን ራሱ ወርቅ። ብዙ የዛሬ ወርቃማ ሰዓቶች ግን የተቀቡት ቲታኒየም ናይትራይድ በሚባል ነገር ነው፤ ቀለሙ ወርቅ፣ ውስጡ ግን ወርቅ የሌለው። ወርቅ ለወንድ አይፈቀድምና የቅቡን ፍርድ ኡስታዝህን ጠይቅ፤ ስትጠይቅ ግን ይህን ልዩነት ይዘህ ሂድ። ጥርጣሬ ካልፈለግክ የብረት መልክ ያለውን ያዝ፤ ከነጭ ጀለቢያ ጋርም የሚያምረው እሱ ነው።

ሰዓቱ ራሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ተከፍቶ ማሽኑ ላይ 2209 የሚል ቁጥር ካየህ ውፍረቱ 2.9 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ባለ 23 ድንጋይ (ዘንጎቹ የሚያርፉባቸው ጠንካራ ድንጋዮች) ማሽን ነው፤ ሉች እና ፖልዮት የሚሉ ሰዓቶች ውስጥ ይገኛል። ከባምቢኖ አጠገብ ብታስቀምጠው ሳንቲም ይመስላል። የክት ሰዓት ማለት ለእኔ እንዲህ ያለው ነው።

ከመክፈልህ በፊት፦ ቅቡ መጀመሪያ የሚያልቀው በቀንዶቹ ጫፍና መሙያው አጠገብ ነው። ቢጫ ነሐስ ከታየ በላብ አረንጓዴ ያወጣል፣ እጅጌህንም ይነካል። ገጹ በጣም ከነጣ፣ የቁጥሮቹ ቀለም ካበጠና ዳር ዳሩ ካልተስተካከለ እንደገና የተቀባ ነው፤ ዋጋው መውረድ አለበት። መሙያውን ሙላ፤ ሲሞላ መንሸራተት ወይም መጮህ የለበትም፣ ሲጠግብ ይቆማል፣ እዚያ ላይ አታስገድደው። ከዚያ ገጹ ወደ ላይ ሆኖ ለአንድ ቀን፣ ወደ ታች ሆኖ ለአንድ ቀን አስቀምጠህ ከስልክህ ጋር አስተያየው። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ሚዛኑ (ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ጎማ) ያረፈባት ዘንግ አልቃለች ወይም ዘይቱ ደርቋል። ዘይት ብቻ ከሆነ ባለሙያ ፈትቶ ቢያጥበውና ዘይት ቢቀባው ይድናል፤ ዘንግ ከሆነ መለዋወጫ የምታገኘው ከሌላ ከሞተ ሰዓት ብቻ ነው።

ደግሞ ውሃ አይችልም። ጠብታ እንኳ። ለውዱእ ከእጅህ ካላወጣኸው ይህን ተወው።

ገበያ ሰኞ (ባቲ)

አብሽር፣ የማሰሪያው ነገር ቀላል ነው። ቆዳን የሚገድለው ውሃው ብቻ አይደለም፤ መታጠፉ ነው። በተራ መቆለፊያ ባወለቅከው ቁጥር ማሰሪያው ያቺው ቀዳዳ ላይ ይታጠፋል፣ በቀን አምስቴ ከሆነ በዓመት ከ1,800 ጊዜ በላይ። እርጥብ ሆኖ ሲታጠፍ ደግሞ ይሰነጠቃል። መፍትሔው የሚዘረጋ የብረት መቆለፊያ ነው፤ ርዝመቱን አንዴ ታስተካክላለህ፣ ከዚያ በኋላ ቆዳው አይታጠፍም፣ ሰዓቱ እንደ አምባር ይወልቃል። «30 ሜትር» ተብሎ ተጽፎበታልና ይችላል ብለህ ታስሮ አትታጠብ፤ ያ ቁጥር የሚለው ርጭት ይችላል ነው። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የውስጥ ላስቲክም ያረጃል።

ላስቲኩ መሞቱን እንዲህ ታውቃለህ፦ ሰዓቱን መዳፍህ ውስጥ ይዘህ አሙቀው፣ መስታወቱ መሃል ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርግ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተህ ጥረገው። ከውስጥ በኩል ጉም ከታየ እርጥበት ገብቷል። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ ስትወጣ መስታወቱ ከውስጥ የሚጎመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ቆዳውን ከሩቅ አትፈልግ። የባቲ የፍየል ቆዳ በዓለም የቆዳ ንግድ በስሙ የሚጠራ ነው፤ ቀጭን፣ የሚታጠፍ፣ ጠንካራ። ለባለ 38ቱ ባምቢኖ የቀንዶቹ መካከል 20 ሚሊ ሜትር ነው፣ ግን ራስህ ለካው። ለባለሙያው እንዲህ በለው፦ ላዩም ገበሩም ፍየል፣ መካከሉ ስስ ሙሌት፣ ሲጣበቅ ጠቅላላው 2 ሚሊ ሜትር። ስፋቱ ከ20 ሚሊ ሜትር ጀምሮ መቆለፊያው ጋ 16 ይድረስ፤ መቆለፊያውንም 16 ግዛ። አጭሩ ወገን 75፣ ረጅሙ 115 ሚሊ ሜትር። ፒኑ (ማሰሪያውን ከቀንዶቹ ጋር የሚይዘው) የሚገባበት ጫፍ ከመታጠፉ በፊት በቢላ ይሳሳ፣ አለዚያ ያብጥና ከሰዓቱ ጎን ጋር እየተፋተገ ይላጣል። ክሩ በሰም የታሸ ይሁን፤ ዳሩም በሰም ይዘጋ፣ ውሃ የሚገባው በዳር ነውና።

ቀለሙ ከጫማህ ጋር ይሂድ። አንድ ብቻ የምታሠራ ከሆነ ጠቆር ያለ ቡናማ አድርገው፤ ከጀለቢያም ከሙሉ ልብስም ይስማማል።

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ። ካርቶኑን ቆርጬ አየሁት፤ 44ቱ ልክ ነው፣ 46 ተኩሉ ዳር ዳር ይላል። ባለ 38ቱን በብረት መልክ፣ ነጭ ገጹን እይዛለሁ። የሚዘረጋው መቆለፊያ ለአጭሩ ወገን 75 ሚሊ ሜትር ሲጨመርበት አይረዝምም?

ገበያ ሰኞ (ባቲ)

ይረዝማል፣ ጥሩ አስታወስክ። የሚዘረጋው ብረት ራሱ ርዝመት ስላለው ላንተ አንጓ አጭሩን 65 አስደርገው፣ ረጅሙን 110። ቀዳዳ መጀመሪያ አታስበሳ፤ ማሰሪያው ሰዓቱ ላይ ይግባ፣ እጅህ ላይ ይጠቅለል፣ በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ ይበሳ። ትንሿ ጣትህ በጭንቅ የምትገባበት ያህል ይላላ፤ ከሰዓት በኋላ እጅ ያብጣልና።