ከስትሮክ በኋላ አባትን በቤት ውስጥ መንከባከብ

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ አባታችን በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው ከደከመና ንግግራቸው ከተያዘ 6 ሳምንት ሆናቸው። የፊዚዮቴራፒ ቀጠሯቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በመሆኑ፣ በቀሩት ቀናት ምን ብናደርግላቸው ይበጃል? ውሃ ሲጠጡም ትን ይላቸዋል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ትንታው ይቅደም፤ የሚጠጡት ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ የመዋጥ አቅማቸውን አስመርምሩ። ሲያነሷቸው የደከመውን ክንድ አይጎትቱ፤ ትከሻው ከመጋጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል። መሻሻል ይበልጥ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ፣ የታዘዘላቸውን እንቅስቃሴ የድሬ ሙቀት ሳይበረታ በየማለዳው ያሠሯቸው።

መልስ (ሐረር፣ ጁገል)፦ እናቴ «ውሃ» ማለት ሲያቅታት ቃሉን ፈጥነን ስንጨርስላት ትቆጣ ነበር፤ ብርጭቆውን አሳይተን ዝም ብለን መጠበቅ ስንጀምር ግን ራሷ «ው…ውሃ» አለች። አባታችሁም የደም ግፊት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ ተሻላቸው ብላችሁ እንዳታቋርጡ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ፤ ለካ በክንዳቸው ስናነሳቸው ነው የከረምነው። ነገ ለምርመራ እንወስዳቸዋለን።