የፊኛ ማነቃቂያዬ ከትናንት ማታ ጀምሮ ዝም ብሏል፤ አንጎሌን ጎድቶት ይሆን?

ጭንቅ ያላት፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ሽንት እንዳያጣድፈኝ ነርቤን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃው መሣሪያ ከትናንት ማታ ጀምሮ ንዝረቱ የለም። ሌሊቱን አራቴ ተነሳሁ። ጠዋት ደግሞ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቼ ሳላዞረው ሽንቴ አመለጠኝ። እንዲህ ከሆንኩ ሰባት ወር አልፎኝ ነበር። ወንድሜ «ኤሌክትሪክ ወደ አንጎል ነው የሚልከው፤ ሲቋረጥ ጉዳት ይተዋል» ብሎ ጭራሽ አስደነገጠኝ። እውነት ነው?

ባለ ሁለት ቀፎ፦
የሪሞቱን ባትሪ ቀይሪው።

የማታ ፈረቃ፦
እህቴ፣ የትኛው ነው? ቁርጭምጭሚት ላይ በቀጭን መርፌ ነርቩን የሚያነቃቃው ወይስ ሰውነት ውስጥ የተቀበረው? የቁርጭምጭሚቱ በሳምንት አንዴ፣ 30 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት ነው። እሱ ሌሊት «ዝም አለ» አይባልም።

ጭንቅ ያላት፦
የተቀበረው ነዋ! መቀመጫዬ ላይ። ሪሞት አለው አላልኩም እንዴ?

ቀልደኛው፦
አላልሽም። የኔ ፊኛ ግን ሪሞትም አያስፈልገው፤ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ራሱ ይበራል።

መምህር ነኝ፦
ወንድምሽ ግማሹን ነው የያዘው። ኤሌክትሪኩ አንጎል አይደርስም። ሽቦው ከወገብ በታች፣ ሦስተኛው የሳክራል ነርቭ (ከጀርባ አጥንት ግርጌ የሚወጣ ነርቭ) አጠገብ ነው ያለው። ወደ ላይ የሚሄደው ነርቩ ራሱ የሚያደርሰው መልእክት ነው። ፊኛ ሲሞላ ወሬው በህብለ ሰረሰር ይወጣል። ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል «ሞላ» የሚለውን ስሜት ያሰማናል። ሲንጉሌት የሚባለው ያጣድፈናል። ከግንባር ጀርባ ያለው ደግሞ «ቆይ፣ አሁን አይሆንም» ይላል። የአንጎል ምስል ሲነሳ ማነቃቂያው የእነዚህን ክፍሎች ሥራ ሲቀይር ታይቷል። ገና ሲበራ የሚታየውና ወራት ከቆየ በኋላ የሚታየው ለውጥም አንድ አይደለም። ሲቋረጥ የድሮው ጥድፊያ ይመለሳል እንጂ አንጎል አይጎዳም። ቁልፉ ላይ የሆንሽውም ያው ነው፤ አንጎል በርና ቁልፍን ከሽንት ቤት ጋር አያይዞ ይለምዳል። በነገራችን ላይ፣ «ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ ፖንስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል እንደሚወጣ ባሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1925 ድመቶች ላይ...

ቀልደኛው፦
ሴትየዋ ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ አንተ ስለ ድመት!

ተጠራጣሪው፦
ለመሆኑ ማሽኑ ነው ያለሽ ማነው? ንዝረቱ ስላልተሰማ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ሰውነት ይለምደዋል። ስትሸኚ ያቃጥልሻል? ኢንፌክሽን ከሆነ ሪሞት አያድንሽም። የሽንት ምርመራ አድርጊ።

ጭንቅ ያላት፦
አያቃጥለኝም። ማሽኑ ነው እያልኩ!

ባለ ሁለት ቀፎ፦
ባትሪውን ቀየርሽው?

እናቴም አላት፦
የሪሞቱ ባትሪና የመሣሪያው ባትሪ ይለያያሉ፣ ወንድሜ። እህቴ፣ ትናንት በፍተሻ በር አልፈሻል? የእናቴ መሣሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንዴ ጠፍቶባታል። ሱቅ በር ላይ ያለው የሌባ መከላከያም ሊያጠፋው ይችላል። ሪሞቱን መሣሪያው ካለበት ቦታ አስጠጊና በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚለውን እዪ። ከጠፋ አብሪው። ጥንካሬውን ከታች ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ ከቆረቆረሽ መልሺው። ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ከሆነም ቻርጁን እዪ። በርቶም ካልተሻለሽ ሽቦው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። ሰሞኑን ወድቀሻል? እሱን የሚያየው ሐኪምሽ ነው።

የማታ ፈረቃ፦
አንድ ልጨምር። እግርሽ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ መቀመጫሽ አካባቢ ስሜት ካጣሽ፣ ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለሽ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቦታው ካበጠ ሪሞቱን ተይውና ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ኤምአርአይ ካዘዙልሽም መሣሪያ እንዳለሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጭንቅ ያላት፦
ትናንት ከሰዓት የገበያ ማዕከል ገብቼ ነበር! በሩ ላይ ቆሜ ስልክ አወራሁ እኮ። ቆይ፣ ሪሞቱን የት ነው ያደረግኩት?

ባለ ሁለት ቀፎ፦
ስታገኚው ባትሪውንም እዪው።

ተጠራጣሪው፦
እሺ፣ ምን ሆነ?

ቀልደኛው፦
ሦስት ቀን ሆነ። ወይ በርቶላታል፣ ወይ ሪሞቱን እየፈለገች ነው።